ለመርፌዬ ቦታ ያጣ ፍሪጅ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ትናንት ሦስተኛውን ኬሞ ወሰድኩ። ዛሬ አፌ ውስጥ የዛገ ምስማር ያለ ይመስላል። ቡና አስጠላኝ። ሳሙና አስጠላኝ። የኮርኒ ቦት ጫማ በር ላይ ተገትሮ ላም ላም ይሸታል... ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ሸቶኝ ያውቃል? ባሌን ያገባሁት እኮ ከነላሞቹ ነው።

ከዊኒፔግ ሆስፒታል ይዘናት የመጣናት ሳጥን ሰባት መርፌ አላት። ነጭ የደም ሴል ከፍ የሚያደርገው መድኃኒት። ኬሞው ክፉውንም ደጉንም አብሮ ይጨርሳል፤ ይሄ ደጉን መልሶ ያበዛል። ካልበዛ አራተኛው ኬሞ የለም። ነርሷ ማሪቪክ እንደ ሁልጊዜው ጣቷን እያጠፈች ነገረችን።

"ከኬሞው በኋላ ሙሉ ቀን ሳያልፍ እንዳትወጊው። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ግን በረዶ እንዳይሆን። እንዳትነቀንቁት። ከመወጋትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። የምትወጊበትን ቦታ ቀያይሪ። ትኩሳት ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ደግሞ ነገ እናያለን ብሎ ነገር የለም፤ ትደውላላችሁ።"

ኮርኒ ሳቀ። "እኔ እኮ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ስወጋ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"ላም ነዋ!" አለችው ማሪቪክ።

"ላም ቢሆንስ? ላም ትራገጣለች። ቲና አትራገጥም።"

እሱን እናያለን።

ከሰዓት ኤልቪራ መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ የቤተክርስቲያናችን ሴቶች ሰብሳቢም እሷው። ኑድል በክሬም፣ ውስጡ የታጨሰ ቋሊማ። ክዳኑን ስታነሳው ሆዴ ተገላበጠ። "ውይ ኤልቪራ፣ ምን አስቸገረሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ!" አልኩ። ከሳህኑ ሥር ስሟ በፕላስተር ተለጥፏል። እንዲህ ያለ ሳህን ተበልቶ፣ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። አለመብላት ነውር ነው። አልፈልግም ማለት ደግሞ... እሱን እዚህ አገር ማንም ብሎ አያውቅም።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው መርፌ። ኮርኒን እጁን ሁለቴ አስታጠብኩት። አሁንም ይሸተኛል። መርፌውን ከደረት ኪሱ አወጣ። "ቀዝቃዛውን ልውጋሽ እንዴ? አሙቄልሻለሁ።" እውነትም ሞቅ ብሏል። ከዚህ ሳምንት ሁሉ ያላስጠላኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ እንደ ላም ክትባት ይነቀንቀው ጀመር!

"ኮርኒ!"

"ኤጭ... እጄ ነው። እጄ ለምዶ ነው።"

"እጅህ ጆሮ የለውም? አትነቅንቁት ተባልን እኮ!"

ሆዴን ቆንጠጥ አድርጎ ወጋኝ። ምንም አላለኝም። "አየሽ፣ አልተራገጥሽም" አለ ደስ ብሎት።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ሦስተኛው መርፌ። ባለፉት ሁለት ዙሮች ወገቤና ጭኔ ውስጥ አጥንቴን ሲቀጠቅጠኝ ነበር። አሁን ምንም! ተላመድኩት ማለት ነው? ተመስገን።

የቀረችኝ ፀጉር መታጠቢያው ላይ ተለጥፋ አየኋት። ቀፈፈችኝ። የራሴ ፀጉር!

ሦስት ሳህን ተጨመረ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ሰው የሚበዛበት አትሂጂ ስለተባልኩ ቤተክርስቲያን ቀረሁ። ቤተክርስቲያኑ ወደ እኔ መጣ። አምስት ሴቶች። አንዷ ታስነጥሳለች፤ "አይዞሽ፣ አቧራ ነው" ትላለች። በዚህ በረዶ ምን አቧራ አለ? አቀፉኝ። ሽቷቸው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እኔ እንደሆንኩ ፈገግ ብዬ ዋልኩ፤ ጉንጬን አመመኝ።

ኤልቪራ ፍሪጁን ራሷ ከፍታ፣ ራሷ አጠጋግታ፣ ራሷ ሞልታ ሄደች። እኔ ከከፈትኩት ሳምንት ሊሆነኝ ነው፤ ሽታው ያጥወለውለኛል። የሚከፍተው ኮርኒ፣ የሚበላውም ኮርኒ። ኑድል፣ ድንች፣ ኑድል። ፊቱ ራሱ ኑድል መሰለ።

"በቃን በላት" አልኩት።

"አንቺ በያት።"

ማናችንም አላልናትም።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ሰባተኛው መርፌ ትናንት አለቀ። ዛሬ ከምሳ በኋላ በረደኝ። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ለካሁት። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት።

ኮርኒ ከበረቱ ገባ። ቁጥሩን አየ። "ጥጃ ብትሆኚ እስከ ነገ አይሽ ነበር" አለ። ሊያስቀኝ ነው። ፊቱ ግን ኖራ መስሏል።

"ጥጃ አይደለሁም። ደውል!"

ደወለ። አሁኑኑ አምጣት አሉት። ላሞቹን ሳያልብ መኪና አስነሳ። ኮርኒ! ላሞቹን ሳያልብ! ያኔ ነው የፈራሁት።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ሆስፒታል። በደም ሥሬ መድኃኒት ይንጠባጠባል። ትኩሳቱ ትንሽ ወርዷል። ነጭ የደም ሴሌ ግን የለም ከማለት አይሻልም።

ማሪቪክ ልታየኝ መጣች። "ሰባቱንም ተወግተሻል?"

"ሰባቱንም።"

"አጥንትሽንስ አሞሽ ነበር?"

"ኧረ ምንም!" በኩራት ነው የመለስኩት።

ወደ ኮርኒ ዞረች። "የት ነበር የምታስቀምጡት?"

"ፍሪጅ ውስጥ ነዋ።"

ኮርኒ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። አልወደድኩትም።

"በረቱ ጋ ያለው የወተት ቤት ፍሪጅ ውስጥ" አለ።

"ከላሞቹ መድኃኒት ጋር?" አለች ማሪቪክ።

"እቤት ቦታ ጠፋ። ሳህን በሳህን ላይ ነው። ያኛው ደግሞ ከኋላ በኩል ትንሽ ያደርቃል..."

"ያደርቃል ማለት?"

"በረዶ ይሠራል። ኪሴ ውስጥ ከትቼ አቀልጠዋለሁ። የላሞቹንም እንደዚያው ነው የማደርገው።"

የደረት ኪሱ። ያ ሙቀት። ለእኔ ብሎ ያሞቀው መስሎኝ...

ማሪቪክ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። "ትኩሳቱ በዚህ ብቻ መጣ ማለት አልችልም። ያለዚያም ይመጣል። ግን በረዶ ሆኖ፣ ቀልጦ፣ ደግሞ በረዶ የሆነ መርፌ እኔ አላምንም። ስትጠራጠሩ አትውጉት፣ ደውሉ። ሌላ እንሰጣችሁ ነበር እኮ።" በር ላይ ስትደርስ ዞረች። "የላሞቹንም አትመነው።"

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበው። ባሌ አስጠላኝ። ጥፍሩ፣ ኮፍያው፣ አተነፋፈሱ። "ውጣልኝ" አልኩት። ወጣ።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

እዚህ አዲስ መርፌ ጀምረውልኛል። ዛሬ ጠዋት ወገቤ መቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ጭኔ። አመመኝ! ይሄኛው ይሠራል ማለት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ስስቅ አይታ ጤንነቴን ተጠራጠረች።

ኮርኒን ረግሜ ጨረስኩ። ከዚያስ? ፍሪጁን የሞላው ማነው? ኤልቪራ። በሩን የከፈተላት ማነው? ሆዴ እየተገላበጠ "ምን አስቸገረሽ" ያልኩ ማነኝ? መድኃኒቱ እዚያው ይኑር አይኑር አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም። ሰው ላለማስቀየም ስል ልሞት ነበር እኮ። ለኑድል! ከኮርኒ ጥፍር ይልቅ ያቺ የራሴ ፈገግታ አንገፈገፈችኝ።

ከሰዓት መጣ። እጁ ከመፈተጉ የተነሳ ቀልቷል። አልጋው ጫፍ ቆመ፣ መቀመጥ ፈርቷል።

"ጣልኩት" አለ።

"ምኑን?"

"የወተት ቤቱን ፍሪጅ።"

"ፍሪጁን?"

"በትራክተር።"

ልስቅ አልፈለግኩም ነበር።

"ቲና... ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። ላም ላይ የማውቀውን አንቺ ላይ የማውቅ መሰለኝ።" አለቀሰ። ይሄ ሰው አባቱ ሲቀበር አላለቀሰም። ተቀመጥ አልኩት።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ቤት ገባሁ። አራተኛው ኬሞ በሳምንት ተገፍቷል።

ኮርኒ አሥራ አንድ ሳህን ደፋ። አንዳንዱ ፀጉር አብቅሏል፣ ከእኔ ይሻላል። ሳህኖቹን አጥቦ በየቤቱ አደረሰ። እኔ አፍንጫዬን በሻርፕ ጠቅልዬ ፍሪጁን ላጸዳ ስነሳ ከለከለኝ፤ ሻጋታ አትንኪ ተብለሻል አለ። ትክክል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ አዘዝኩት። አንዴ ሮጬ አስመለስኩ። ተመልሼ ማዘዜን ቀጠልኩ።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

የደም ምርመራ። ሴሎቹ ተነስተዋል! ሰኞ ኬሞ።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

የአዲሱ ሳጥን የመጀመሪያ መርፌ። ሳጥኑ የወጥ ቤታችን ፍሪጅ መሀል መደርደሪያ ላይ ብቻውን ነው። ከኋላው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ አጠገቡ ኮርኒ የገዛት ትንሽ ቴርሞሜትር። አራት ዲግሪ። ቅቤና ወተቱን ታች አውርጄዋለሁ።

መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ያገለገለው የሚጣልባት ቢጫ ዕቃም ተዘጋጅታለች። ግማሽ ሰዓት። ኮርኒ እንዳይነቀንቀው ሁለት እጁን ከመቀመጫው ሥር ከትቶ ተቀመጠ። ቅጣት ላይ ያለ ተማሪ መሰለ።

በሩ ተንኳኳ። ኤልቪራ። ትልቁ ሳህኗ።

"ውይ ቲናዬ፣ ከሳሽ! ድንች በክሬም ነው፣ የምትወጂው።" ወድጄው አላውቅም። እንደ ልማዷ አልፋኝ ገባች፣ ፍሪጁን ከፈተች። አንዷን ሳጥን አየች። እኔን አየች።

"ምን ሆናችሁ? ባዶ ነው እኮ!"

ፈገግታዬ ሊመጣ ሲል ተሰማኝ። ጉንጬ ላይ ያዝኩት።

"ሙሉ ነው፣ ኤልቪራ። መልሰሽ ውሰጂው። ምግብ አትላኪልን።"

ኮርኒ ግድግዳውን ያያል። ኤልቪራ አንገቷ ድረስ ቀላች። ሳህኑን አቅፋ ሄደች። በሩን ከኋላዋ ዘጋሁት።

"ግማሽ ሰዓቱ አልፏል" አለ ኮርኒ። እጁን ከሥሩ አወጣ፣ ሄዶ ታጠበ። ሳልነግረው ሁለቴ። ሲመለስ አሁንም ላም ላም ይሸታል። አሁንም ያስጠላኛል። ወንበሬን ወደ እሱ አስጠግቼ ሸሚዜን ገለጥኩ።