በአንድ ሳምንት ወደ ኦብጀክት ላሻገሩን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የማሠልጠኛ ተቋማችን ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የእርስዎን ጤንነት የምመኘው ለአፍ ያህል አይደለም፤ አንድ ቀን ታመው የሕክምና ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው ስምዎ ከተራው ውስጥ እንዳይታጣ ከልቤ እፈልጋለሁ። ይህን ለምን እንዳልኩ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱታል።

እኔ በተቋምዎ ከሰዓት በኋላ ድረ ገጽ መሥራት የምማር ሠልጣኝ ነኝ። ያውቁኛል ብዬ አልኩራራም። ጎብኚዎቹ የመጡ ዕለት፣ ቁልፎቹ የረገፉበትን ኮምፒውተር በክንዴ ሸፍኜ እንድቀመጥ ያዘዙኝ ሠልጣኝ እኔ ነበርኩ። በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብያለሁ፤ ስብሰባው እስካሁን በሰላም እንዳለቀ ተስፋ አደርጋለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያባረሩትን የክፍል ጓደኛችንን ይመልሱልን። እርስዎ ሥርዓት ወዳድ ስለሆኑ ግን ነገሩን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ምስጋና። ፒኤችፒ የሚባለውን የድረ ገጽ ቋንቋ ስንማር የቆየነው በቀላሉ መንገድ ነበር፤ ለኮምፒውተሩ ትእዛዙን ከላይ ወደ ታች እየደረደርን፣ መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያን አድርግ እያልን። በዚሁ መንገድ ክፍላችን ተባብሮ ለጎረቤታችን የሕክምና ማዕከል የኩላሊት እጥበት ክፍል የተራ መያዣ ገጽ ሠራ። መልክ አልነበረውም። ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ፋይል ስለነበር መምህራችን ራሳቸው አንጀት ይመስላል ብለው ስቀውበታል። ግን ይሠራ ነበር። የታላቅ እህቴ ስም በየሰኞው እዚያ ላይ ይገኝ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እህቴ ናት፤ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ጀምሮ በሕይወት የምትቆየው በዚያ ክፍል ወንበር ነው።

ከዚያ ጎብኚዎች ሊመጡ መሆኑ ተሰማ። እርስዎም ተቋማችን ከኋላቀር አሠራር ተላቆ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ኦብጀክት ወደሚባለው አዲስ የአጻጻፍ መንገድ እንደሚሻገር፣ የተራ መያዣው ገጽም በአዲሱ መንገድ ተጽፎ ለእንግዶች እንደሚታይ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አወጁልን። መምህራችን ቢሮዎ ድረስ መጥተው ትምህርቱ ሦስት ሳምንት እንደሚፈልግ፣ በሰው እጅ ያለውን ገጽም እስክንበስል ድረስ ባንነካው እንደሚሻል ለምነውዎ ነበር። እርስዎ ዘመኑ አይጠብቀንም ብለው መለሷቸው። እውነትዎን ነው፤ ማንንም አልጠበቀም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም ዓይነት አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሻው። አዲሱ አሠራር ነገሮችን የራሳቸው ጠባይና የራሳቸው ሥራ እንዳላቸው አካላት፣ ማለትም ኦብጀክቶች፣ አድርጎ ማሰብ እንደሆነ ተማርን። በዚያች ሳምንት ውሻ ሠራን። ውሻው ስም አለው፣ ቀለም አለው፣ ሲታዘዝ ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ ሲጮኽ አጨበጨብን። ቀጥሎ ድመት ሠራን። አሠራሩን ልነቅፍ አይደለም የመጣሁት፤ እንዲያውም ወድጄዋለሁ፤ ያንን አንጀት የመሰለ ፋይል ሥርዓት የሚያስይዘው እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን ከሚጮኽ ውሻ እስከ ደሟ እስከሚታጠብ ሴት ድረስ መንገድ አለ፤ እርስዎ በዚያ መንገድ እንድንዘል እንጂ እንድንሄድ አልፈቀዱልንም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጓደኛችን። ሥራው ሲከፋፈል ቀን የመቀየሪያው ክፍል የደረሰው ሰረዝ ለምንለው ጓደኛችን ነው። ሰረዝ ያልነው በሰው ኮድ ውስጥ የተረሳችውን ድርብ ሰረዝ ከኋላ ቆሞ በጣቱ ስለሚያሳየን ነው፤ ከእኛ መካከል እንደ እሱ ጠንቃቃ የለም። ገጹ የሚሠራው እንዲህ ነበር፦ አንድ ታካሚ ቀን ልቀይር ሲል፣ የያዘው ተራ ይገለበጥና አዲሱ ቀን በቅጂው ላይ ይሞከራል። ቦታ ካለ ይዛወራል፤ ከሌለ ቅጂው ይጣልና የቀድሞው ተራ ባለበት ይቆያል። በአሮጌው አሠራር ተራው የሚቀመጠው በቀላል ዝርዝር ስለነበር፣ ሲገለበጥ ሁለት ይሆን ነበር። ኦብጀክት ግን ሌላ ስም ቢሰጡት አይባዛም፤ ያው አንዱ ነገር በሁለት ስም ይጠራል። በአንዱ ስም የነኩት በሌላውም ተነክቷል። በእውነት እንዲባዛ አንዲት ተጨማሪ ቃል መጻፍ አለባት፤ ያችን ቃል መምህራችን ለሦስተኛው ሳምንት ነበር ያቆዩዋት። ሰረዝ እንደለመደው ገለበጠ። ማናችንም ብንሆን እንደዚያው እናደርግ ነበር። በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንሞክረው ስንል ደግሞ ጎብኚዎቹ በር ላይ ደርሰው ነበር።

እህቴ የልጇ ትምህርት ቤት ሰኞ ወላጅ ስለጠራ ተራዬን ወደ ማክሰኞ ላዙር ብላ ጠየቀች። ገጹ ማክሰኞ ሞልቷል አላት። እሺ ብላ ስብሰባውን ትታ ሰኞ ሄደች። ለሙከራ ብቻ የተጻፈው ማክሰኞ ግን የእውነተኛውን ሰኞ ቦታ በልቶት ነበር። በሩ ላይ ያለችው ነርስ ስሟን ፈልጋ አጣችው። ይህችን ሴት አውቃታለሁ፣ ሁልጊዜ ሰኞ ናት ብላ ተከራከረችላት፤ ወንበሩ ግን ለሌላ ታካሚ ተሰጥቶ፣ ሰውየው መርፌው ገብቶለት ተኝቷል። እህቴ ሕመምተኛ አስነስቼ አልተኛም ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በማግስቱ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ በጎረቤት መኪና ድንገተኛ ክፍል ገባች። ተርፋለች። እስከ ዛሬ ግን ከአልጋ አልወረደችም፤ እኔም ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከክፍል ሮጬ እወጣለሁ።

አራተኛ፤ ስለ አጣሪ ኮሚቴው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መምህራችን ያችን አንድ ቃል ጨምረው ገጹን ካስተካከሉ በኋላ እርስዎ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መታ። ሰረዝ በግል ቸልተኝነት ተባረረ፤ የምስክር ወረቀቱ ተከለከለ፤ ሊቀጥረው ለነበረው ድርጅትም ስለ ጥፋቱ ተጻፈለት። ጎብኚዎቹ ሲያጨበጭቡ ገጹ የአመራርዎ ፍሬ እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በተማርነው ትምህርት ውርስ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ በተቋማችን ግን ምስጋናው ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ታች የሚወርደው ጥፋቱ ብቻ ነው። ይህን አዲስ ግኝት ለዓለም ስላበረከቱ ደስ ሊልዎ ይገባል።

አምስተኛ ብዬ ስለ ወንበሮቹና ስለ ፕሮጀክተሩ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ይልቅ ያየሁትን ልንገርዎ። ሰረዝ እህቴን ሊጠይቅ ሆስፒታል መጣና መግባት አቅቶት በሩ ላይ ቀረ። እሷ አይታው፣ ግባ እንጂ የኔ ልጅ፣ ዘበኛ አልቀጠርኩም አለችው። ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያጽናናችው እሷ ናት፤ ያውም በተቆራረጠ ትንፋሽ። እሱ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ ይህን ልጅ ሳታስመልሺ ልጠይቅሽ ብለሽ እንዳትመጪብኝ አለችኝ። የተጎዳችው እሷ ናት፤ እሷ ይቅር ያለችውን እርስዎ በማን ስም እንደሚቀጡት ባውቅ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የስንብቱን ደብዳቤ እንዲሽሩለት፣ ለድርጅቱም የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚያነሳ ሌላ እንዲጽፉለት፣ ከስብሰባዎችዎ መካከል በሚገኝ ጥቂት ክፍተት እንዲያስቡበት ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ለጊዜዎ ውድነት፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳዎ ውበትና ለፍጥነትዎ ያለኝን ወደር የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣ በክንዴ ከሸፈንኩት ኮምፒውተር ጀርባ ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣
የከሰዓቱ ክፍል ሠልጣኝ፣ የሰኞዋ ታካሚ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፤ ኮሚቴዎ ጥፋቱን ከእርስዎ ስም ገልብጦ በሰረዝ ስም ሲያስቀምጠው፣ የእርስዎ ንጹሕ ሆኖ የሚቀር መስሎት ይሆናል። አልተባዛም፤ ያው አንዱ ነገር በሁለት ስም እየተጠራ ነው። እሱ ላይ የጻፉት ሁሉ እርስዎም ላይ ተጽፏል። ይህ ከከበደዎ መምህራችን በደስታ ያስረዱዎታል፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በሦስተኛው ሳምንት ነው።