ትንፋሽ የበዛበት ዜማ

ከሰሜን ዌልስ፣ በጥቅምት

ለምወድህ ወንድሜ ኢድዋል፣ በዚያ በሩቁ ፓታጎንያ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከነዜማችን አለን።

ከተጣሉ የመዝሙር ወረቀቶች የቃረምኳት ትምህርት አፈራች፤ ያቀናበርኩት ዜማ ለመጪው ፋሲካ በጸሎት ቤታችን ይዘመራል። የመዘምራኑ መሪ አቶ ኤምሊን ወረቀቱን አይተው፣ «አንቺ ሉነድ፣ ወፍራሙ ድምፅ በየሦስት ቃሉ የሚያርፈው ዳገት እየወጣ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

«ይዘመርና ይፍረዱ» አልኳቸው።

ሲዘመር ሳቃቸው ጠፋ። ማረፊያዎቹ ትክክል ናቸው፤ እኔም አንዱንም አልነካም።

ባለቤቴ ግዊሊም ከድንጋይ ካባው ሲመለስ፣ አቧራውን ሳያራግፍ ወፍራሙን ድምፅ ይለማመዳል። «ለሽማግሌ ነው እንዴ ያቀናበርሽው? ገና አርባ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው!» ይለኛል። ከዚያ ያስለዋል፤ እኔም ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ።

ዜማዎቻችን በቦታ ስም ይጠሩ የለ? የእኔን «የካቡ በር» ብዬዋለሁ፤ ከቤታችን በታች ዳገቱ ላይ ያለው የድንጋይ አጥር በር፣ ግዊሊም አሁን አሁን ከሥራ ሲመጣ ቁጭ ብሎ የሚያርፍበት።

የወፍራሙን ድምፅ ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንተ ለፋሲካ ስትመጣ አጥንተኸው ና፤ ከግዊሊም አጠገብ ነው የምትቆመው። እሱ ሲያርፍ አንተ ቀጥል።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ቤቱም ሰውም ሰላም ይልሃል።

እህትህ ሉነድ