የኸይሩ ኢሜይል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ስልኬ ዛሬም ደርቆ ዋለ። አንድ ፎቶ እስኪከፍት ሻይ ፈልቶ ተጠጣ። እማ ከጓዳ ሆና፣ «ፈሂማ፣ ደግሞ ከስልክ ጋር ትጣያለሽ?» አለችኝ።

መጣላት አይደለም፣ መጠገን ነው። ማብሪያውንና ድምፅ መጨመሪያውን አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥፋ ማለት... ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል ይላሉ። በዚህ ሰሞን እንዲሞትብኝ አልፈልግም። ሸቤ ያለው የእሸት ቡና ማጠቢያ ለጥራት ሠራተኛ ማመልከቻ ተቀብሎ መልስ አልሰጠም። ተመርቄ ቤት መዋል ሰልችቶኛል።

አጠፋሁት።

ተነሣ። ንጹሕ፣ ፈጣን። ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፣ በፊት የነበረውን ኢሜይልና የይለፍ ቃሉን። የይለፍ ቃል? እኔ ከፍቼው አላውቅማ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሂርማታ ገበያ ኸይሩ ሱቅ ሄድኩ። ስልኩን የሸጠልኝም ኢሜይሉን የከፈተልኝም እሱ ነው። እዚህ ስልክ ስትገዢ ሻጩ ሁሉን ከፍቶ፣ ጭኖ ነው የሚሰጥሽ። የይለፍ ቃሉን ማን ይጠይቃል? ኢሜይሉ ላይ የሱቁ ስም አለ። የከፈተው እሱ ስለሆነ ነው ብዬ እስከዛሬ ሥራ የማመለክተው በዚያው ነው።

«ኸይሩ፣ የይለፍ ቃሉን ረሳሁት።»

«ነግሬሽ አላውቅ፣ በምን ረሳሽው?» ተቀብሎኝ ሳያይ ጻፈው።

«የኔን እንዴት አስታወስከው?»

«ያንቺ ምን የተለየ አለው? የደንበኛዬ ሁሉ አንድ ነው። ለየሰዉ ብከፍት አብጄ ነበር።»

ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ምን እንዳለኝ የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ኢሜይሉም የሁላችንም አንድ ነው።

ቤት ስገባ ከኢሜይሉ የደንበኛው ሁሉ ስም ስልኬ ላይ ይዘንባል። አባቦራ ሚዛን። ሙስዓብ ባጃጅ። ደሬሳ ሁለት። ደሬሳ አንድ የታለ? «እማ» የሚለውማ ብዙ ነው። የኔዋ የትኛዋ ናት? አንዱን ደወልኩ።

«አቤት የኔ ልጅ፣ ድምፅሽ ምነው?» አሉ አንዲት እናት። የአሰንዳቦ ሰው ናቸው። ልጅዎ አይደለሁም ብላቸው እንኳ ስለ ጉንፋኔ ሳይመክሩኝ አልዘጉም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ኢሜይሉን ዛሬ በደንብ ከፈትኩት። እስከዛሬ ፋይሉን ልኬ ከመውጣት ሌላ ውስጡን አይቼ አላውቅም፤ ማስታወቂያ ሲበዛብኝ ድምፁንም ዘግቼው ነበር።

ከሸቤ መጥቷል!

«ውድ አመልካች፣ ለፈተና ስለተመረጡ ማክሰኞ ጥቅምት 25 ጠዋት ማጠቢያው ቢሮ እንዲገኙ...» አልሃምዱሊላህ። እማን ከወንበሯ አስነሣኋት።

ከዚያ የላክሁትን ማመልከቻ ላየው ብዬ የተላኩት ውስጥ ገባሁ። የኔ አለ። ከበላዩ ሌላ አለ። ለዚያው ማጠቢያ፣ ለዚያው ሥራ። የሰቃ ልጅ፣ ጽዮናዊት የምትባል። እሷም እጽዋት ሳይንስ።

የመጣው ደብዳቤ አንድ ነው። ስም የለውም። ውድ አመልካች... የትኛዋ ውድ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ማጠቢያው ስልክ አያነሳም። የልጅቷ ቁጥር ማመልከቻዋ ላይ አለ።

ደብዳቤው ሳይከፈት ነው ያገኘሁት። አላየችውም ማለት ነው። ዝም ብል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ለእማ ነገርኳት። «ፈተና አይደል? ለሁለት ይበቃል። ደግሞ መንገድ ላይ ጓደኛ አገኘሽ።» እንዲህ ቀላል ነው?

ደወልኩ።

«ጽዮናዊት ነሽ? አታውቂኝም፣ ኢሜይላችን አንድ ነው።»

«እሺ። ስንት ብር ልላክ?»

«ኧረ ሌባ አይደለሁም። ስልክሽን ከኸይሩ ነው የገዛሽው?»

«ኢሜይሌ ላይ ኸይሩ የሚል ምነው ስል...» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ደብዳቤውን ሳነብላት ግን ሳቁ ቆመ።

«ታዲያ የማን ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እና ለምን ነገርሽኝ?»

«ማክሰኞ ሰቃ ላይ ሚኒባሱን ጠብቂ» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሚኒባሱ ሰቃ ላይ ቆሞላት ገባች። ቀጭን፣ ወሬኛ። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። እስከ ሸቤ ድረስ ስለ ፈተናው አንድም አላወራንም፣ ኸይሩን ስናማ ደረስን።

የማጠቢያው ኃላፊ አቶ ወልደሰማያት ሁለታችንን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «በአንድ ኢሜይል ሁለት ማመልከቻ። አንድ ሰው ደግሞ የላከ መስሎን የፊተኛውን ጣልነው» አሉ።

የፊተኛው የኔ ነው። ደብዳቤው የሷ ነበር። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

«እሷም ትፈተን እንጂ ጋሼ፣ እሷ ባትነግረኝ እኔም አልመጣም ነበር» አለች ጽዮናዊት። እሺ አሉ።

ገንዳው ውስጥ ያደረውን ቡና በእጃችሁ አሹ፣ ፍሬውን የሸፈነው ልጋግ ለቋል ወይስ ይቀረዋል፣ ተባልን። እሷ ለቋል አለች። እኔ ጣቴ ላይ አሁንም ይሙለጨለጫል፣ ይቀረዋል አልኩ። አቶ ወልደሰማያት የሁለታችንንም መልስ ጻፉ። ማናችን ልክ ነን?

የየራሳችንን አዲስ ኢሜይል ከፍተን ቢሮው ሰጥተን ወጣን። የኸይሩን ከስልኬ አጠፋሁት። ሁሉም ስም አብሮ ሄደ፣ የአሰንዳቦዋ እናትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ከሸቤ ምንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጽዮናዊት ደወለች።

«ኢሜይል አላየሽም?»

«አዲሱ ላይ ምንም የለም።»

«በድሮው ነው የላኩት፣ እኔ እስካሁን አላጠፋሁትማ። የአሁኑ ስምሽ አለበት። ወይዘሪት ፈሂማ፣ ሰኞ ሥራ ይጀምሩ ይላል።»

ያንቺስ፣ ብዬ ጠየቅኋት። የሷ የለም።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው» አለች። «ላጠፋው ነበር። አንቺን ቢያጡ ሌላ ይጠራሉ፣ ሌላ ያላቸው ደግሞ እኔን ነው ብዬ።»

«ለምን አላጠፋሽውም?»

«እሱን እንኳ አትጠይቂኝ።» ቀጥላ፣ «ሰኞ ስታልፊ ሰቃ ውረጂ፣ የሥራ ጋዋን አባቴ ይስፋልሽ። በነጻ እንዳይመስልሽ ደግሞ» አለችና ዘጋችው።

ደብዳቤው የሷ፣ ሥራው የኔ። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ... እሷስ ዝም ብላ ቢሆን?

እማ ከጓዳ ብቅ አለች። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?»

ሥራ አገኘሁ አልኳት።

«ታዲያ ፊትሽ ምነው?»