ስልኩ ሳይጠራ ያለፉት ጠዋቶች

ኅዳር 2፣ ጠዋት 1፡10

ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት አምስቱም ስልኮች ልክ አንድ ሰዓት ላይ ጮኹ። የመድኃኒት ማስታወሻው አፕ ይሠራል። እዚህ ይሠራል ማለቴ ነው። ደብተሬ፣ አንቺን ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል? መናኸሪያ አካባቢ ባለው ክሊኒክ ግን ታካሚዎቹ ስልክ ላይ አንዳንዴ ዝም ይላል።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። በየጠዋቱ፣ ማንም ሳይከፍተው፣ ከጀርባ ተነስቶ መጥራት። ታካሚው ኪኒኑን ሲውጥ «ወሰድኩ» የሚለውን ይነካል፤ ክሊኒኩ ያያል። በቃ። ለዚህች ሦስት ወር ፈጀሁ። ፒያሳ ያለችው ቢሯችን ትሞቃለች፣ ዓይኔ ያቃጥለኛል፣ ሰው ሁሉ ያስጠላኛል።

ኅዳር 4፣ ከሰዓት 9፡00

አንድ ምክንያት ተገኘ። ስልኮቹ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ብዙ ቀን ያልተከፈተ አፕ ያስተኛሉ። እንዳያስተኙት የሚፈቀድበት ቦታ አለ። የክሊኒኩ ነርስ ሲ/ር ዘነበች ለታካሚዎቹ ልታሳይልኝ ተስማማች። ደስ አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል።

መልሳ ደወለች። ወ/ሮ ማርታ የሚባሉ አሉ፤ መናኸሪያ በር ላይ ሙዝ ይሸጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመሩ አራተኛ ወራቸው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «ወሰድኩ»ን አልነኩም። የእሳቸው ስልክ ላይ ደግሞ ፈቃዱ ከመጀመሪያውም በርቷል። አፑ ደህና ነው፣ ሴትየዋ ችላ ብለው ይሆናል አልኳት። ኮራ ብዬ። እሷም መዝገቡ ላይ «መድኃኒት በአግባቡ አይከታተሉም» ብላ ጻፈች። ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ ወረፋ ጠብቀው ነርስ ፊት ሊውጡ ነው። የሚሸጡት ደግሞ ጠዋት ነው፣ አውቶቡሶቹ ሳይወጡ።

ኅዳር 5፣ 6፡30

ከመናኸሪያ መመለሴ ነው።

የሄድኩት ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ላረጋግጥ ነበር። እውነቱ ይሄ ነው። ወ/ሮ ማርታ በርጩማ ሰጡኝ፣ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ለምን መድኃኒቱን እንደተዉ ጠየቅኳቸው። በጣም ነው የደነገጡት።

«እኔ ልጄ፣ የሐኪም ትእዛዝ አልጥስም። ሲጠራኝ እውጣለሁ። ዝም ሲል ሐኪሞቹ ዕረፍት ሰጡኝ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ። ሆዴን ያቃጥለኝ ነበር።»

ዝም ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከአንድ እሑድ ጀምሮ። ሌላ ጊዜ ስልኩን ቤት ትተው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት። ያን ቀን ይዘውት ገቡ፤ አስተናጋጁ ድምፅ እንዳይኖር አለ፣ እሳቸውም ጨርሰው አጠፉት።

ስልክ ጠፍቶ ሲነሳ አፑ ያስያዘውን ቀጠሮ ሁሉ ይረሳል። አፑ እንደገና ማስያዝ ነበረበት። እንዲያስይዝ አልጻፍኩለትም። የእኔ አምስት ስልኮች ሦስት ወር ሙሉ ቻርጀር ላይ ናቸው፤ አንድ ቀን ጠፍተው አያውቁም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ይዣቸው ክሊኒክ ሄድኩ። ሲ/ር ዘነበች አልነበረችም፤ ተረኛዋ ሐኪም መረመረቻቸው፣ አክታቸውም ለምርመራ ተላከ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሽታው ሊለምደው ይችላል አለችኝ፣ ለብቻዬ ጠርታ። ስልካቸው ላይ ቀጠሮውን ለጊዜው በእጄ መልሼ አስያዝኩ። ወ/ሮ ማርታ ሲሰናበቱኝ ስልኩን ስላስተካከልሽልኝ ብለው ሙዝ ሰጡኝ። አፍሬ ተቀበልኩ።

ኅዳር 6፣ ጠዋት 2፡40

ማስተካከያው ስድስት መስመር ነው። ስድስት! ስልኮቹን ሁሉ አጥፍቼ አበራኋቸው፤ ጮኹ።

አለቃዬ አቶ ታምራት ማስተካከያውን ዝም ብለሽ ላኪው አለኝ። ረቡዕ ሌሎች ክሊኒኮች ሊፈርሙ ነው፣ አሁን ምክንያት ማውራት ምን ይሠራል? ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ደክሞታል። እኔም እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቤት ገብቶ መተኛት እንዴት ያምራል።

አልልም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ክሊኒኩ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። ሲ/ር ዘነበች ፊት ቆሜ መዝገቡን አስቀይራለሁ፣ ስልካቸው ዝም ያለባቸውን ሌሎች ታካሚዎችም አንድ በአንድ እንድትጠራቸው እነግራታለሁ። በወ/ሮ ማርታ ስም አጠገብ እንዲጻፍ የምፈልገው ይህ ነው፦ ታካሚዋ የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ አሥራ አንዱን ቀን ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ባጃጅ ልያዝ።