አራት ዓመት የጨመርክለት ልጃችን

የልጄ አባት፣ የኔ ተስፋዬ፣

ካጣሁህ ስምንተኛ ወር ያዘኝ። እንዴት ነህ አልልህም፤ አንተስ አርፈሃል፣ መቀመጫ ያጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ጎረቤታችን ሐሊማ ከባሕሩ ዳር መንደር ከበይሉል ዓሣ ሲመጣላት ሳታቀምሰኝ አትበላም። የከፋው የዳዊት ነገር ነው። ከሁለት ጎረምሶች ጋር ከቆመ መኪና ላይ ስኳር ሲያወርድ አብዮት ጥበቃዎች ያዙት፤ ይኸው አሥራ ሁለት ቀኑ። ጥፋቱን አልክድም፣ ልጅህ ሰርቋል። ግን ያሰሩት ከትልልቅ ወንዶች ጋር ነው። ትናንት ምሳ ሳደርስለት ፊቱ አብጧል፤ ወደቅሁ አለኝ።

አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ለብቻው አድርጉልኝ፣ እንደ ልጅ እዩልኝ ብዬ ጮህኩ። ፖሊሱ የቀበሌ መታወቂያውን አወጣና አሳየኝ፤ አሥራ ስምንት ይላል። ትዝ ይልሃል? አምና የወገብህ ሕመም ሲጠናብህ፣ ወደብ የቀን ሥራ እንዲያገኝ ብለህ ነው አራት ዓመት የጨመርክለት። በቁመቱ አንተን ስለወጣ ማንም አልጠረጠረም። ልጃችን በአንድ ጀንበር ጎረመሰ እያልን ስንስቅ ዋልን።

ሐሊማ ስወልደው የተቀበለችው እሷ ናትና ልመስክር ብላ ችሎት ቀረበች። ዳኛው ግን ልጁ ራሱ ይናገር አሉ። ያንተ ልጅ አሥራ ስምንት ነኝ ብሎ ድርቅ አለ! ለማንም እንዳትናገር ብለህ አስምለኸዋል ለካ። የአባቴን ቃል አላፈርስም፣ ሞቶ ውሸታም አላሰኘውም ይለኛል። ይህን ግትርነት ከማን እንደወረሰው አንተው ታውቃለህ።

ተናድጄብሃለሁ፣ ተስፋዬ። ደግሞም ትናፍቀኛለህ። ዋና ስታስተምረው ከሆዱ ሥር እጅህን ዘርግተህ፣ እንዳትለቀው እያልኩ ከዳር ስጮህ ትስቅብኝ ነበር። ያን ሳስታውስ ንዴቴ ይጠፋና እንባዬ ይመጣል።

ነገ ቀጠሮው ነው። ከችሎቱ በፊት አግኝቼ፣ አባትህ በሕልሜ መጥቶ ከመሐላህ ፈትቶሃል፣ እውነቱን ተናገር ብሏል እለዋለሁ። ስንት ጊዜ ለምኜህ አንድ ቀን እንኳ በሕልሜ አልመጣህም። ይሁን፣ መጥቷል ብዬ እምላለሁ።

እኔ እስክከተልህ ድረስ ስምህ ከአፌ አይጠፋም። ለልጃችን ስል ግን ነገ በሰው ፊት ውሸታም አሰኝሃለሁ።

ባለቤትህ ፀሐይ