በደብረ ብርሃን ብርድ ጫጩት ያስፈለፈሉት የአቶ ጌታሰው ታመነ የሕይወት ታሪክ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልናገር። ለዚህ ቀን ተብሎ ትናንት ሌላ የሕይወት ታሪክ ተጽፎ ነበር። የሟች ትንሿ ልጅ ሳሌም አነበበችልኝ፤ እኔ ፊደል ስላልቆጠርሁ የተጻፈ ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣው በእሷ አፍ ነው። ወረቀቱ “አቶ ጌታሰው የጫጩት ሥራን ብቻቸውን ጀምረው ብቻቸውን ያሳደጉ” ይላል። እኔ የምገኘው መጨረሻው ላይ “አንዲት እህት” በሚለው ውስጥ ነው። ስም እንኳ የለኝም። የእድሩ ድስት ስሙ ተጽፎበታል።

ይህንንስ ለሐዘኑ ብዬ እተወው ነበር። ነገር ግን የሟች ታላቅ ልጅ ይትባረክ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ለእድሩ ሰዎች “የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ስለሌለ ይነቀላል፤ ዓርብ ገዥ መጥቶ ይወስደዋል” አላቸው። ማሽኑ ውስጥ አራት መቶ ሰማንያ እንቁላል አለ። ከገባ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የሚፈለፈለው ከነገ ወዲያ፣ በሣልስቱ ዕለት ነው። ስለዚህ ያን ወረቀት ቀድጄ ይህን አስጽፌ፣ በቃሌ ይዤው መጥቻለሁ። እኔ ሸዋወርቅ ታመነ እባላለሁ፤ የሟች ታላቅ እህት ነኝ። ጌታሰውን አንተ እያልሁ፣ ንፍጡን እየጠረግሁ ነው ያሳደግሁት። ወግ ነውና ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በሕይወት ቢሰሙኝ ኖሮ አሞኛል ብለው ሐኪም ይጠሩልኝ ነበር።

አቶ ጌታሰው ከአባታቸው ከአቶ ታመነ ኃይለኢየሱስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ማኅደረማርያም በ1948 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ቀኑ አይታወቅም የሚሉ አሉ። ይታወቃል። ኅዳር 12፣ ውርጩ ባቄላውን የፈጀ ዕለት ነው። የክርስትና ስማቸው ገብረ ሕይወት ይባላል። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ እኔ ዶሮ ስጠብቅ ቀረሁ። ስለዚህ ሁለታችንም ተምረናል።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው፣ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው፣ በ1968 ዓ.ም. ሰላ ድንጋይ የሳይንስ አስተማሪ ሆኑ። ለማስተማር የተፈጠሩ ሰው ነበሩ። ያስነጠሰውን ተማሪ “ይማርህ” ከማለት ይልቅ ለምን እንዳስነጠሰ ያስረዱት ነበር። በ1974 ዓ.ም. የሰላ ድንጋይዋን ወይዘሮ ይርጋለም ገብረመንፈስቅዱስን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። መርጬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ዝም የምትል ሴት ነበር የፈለግሁት፣ ምክንያቱም ሁለት ተናጋሪ በአንድ ጣሪያ ሥር አይኖርም፤ አንደኛው ጌታሰው፣ ሁለተኛዋም የማይቀርላቸው እንግዳ፣ እኔ ነበርሁ። ይትባረክን፣ ምስጋናንና ሳሌምን ወለዱ። ኋላም ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውረው እስከ ጡረታ ድረስ አስተማሩ።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ሦስት ወር ቤት ተቀመጡ። ይርጋለም ሽንኩርት ስትከትፍ ቆመው አከታተፏን ያርሟት ጀመር። አንድ ቀን ያቺ ዝምተኛ ሴት ቤቴ መጥታ፣ “እትዬ፣ ወይ ሥራ ፈልጊለት ወይ እኔ ሰላ ድንጋይ አባቴ ቤት እገባለሁ” አለችኝ። ሥራውን እኔ ሳልፈልግላቸው ራሳቸው አገኙት። የማይሠራ አሮጌ ፍሪጅ አምጥተው፣ ውስጡ አምፖል ሰቅለው፣ የሙቀት መለኪያ አስገብተው፣ “ጫጩት አስፈለፍልበታለሁ” አሉ። ለማቀዝቀዝ የተሠራውን ዕቃ ሊያሞቁበት ነው።

ሰፈሩ ሳቀ። ይርጋለም ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጎረቤቱ፣ “ባልሽ ተነሣ ወይስ ገና እንደታቀፈ ነው?” ይላታል። እኔ አልሳቅሁም፤ እንቁላሉን አየሁት እንጂ። ከትልቅ እርባታ በካርቶን የመጣ፣ ነጭ፣ ትላልቅ፣ ስልሳ እንቁላል ነው።

“አውራ አላቸው?” አልኋቸው።

“እትዬ፣ ይህ ሳይንስ ነው፤ የሚያስፈልገው ሠላሳ ሰባት ከሰባት ዲግሪ ሙቀት ብቻ ነው” አሉኝ።

“ባል የሌላት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ልጅ ከየት ታመጣለች?” አልሁ።

“የአሮጊት ወሬ” ብለው በሩን ዘጉ። አበባ እንዴት እንደሚራባ ለአርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው እንግዲህ።

ሃያ አንድ ቀን ሞላ፤ ምንም የለም። ሃያ አራት ሆነ፤ “ብርዱ አዘግይቶት ነው” አሉ። በሃያ ሰባተኛው ቀን አንዱ እንቁላል ፍሪጁ ውስጥ ፈነዳ። ሽታው አስፋልት ድረስ ተሰማ። ጓሮ ቤታቸውን የተከራየችው ልጅ ፍራሿን ተሸክማ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ ሳምንት ቆይታ ስትመለስም አፍንጫዋን ይዛ ነው። በማግሥቱ ጌታሰው ቤቴ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ “እትዬ፣ እንቁላል ፈልጊልኝ” አሉ። ይቅርታ ማለታቸው ነው። አስተማሪ ከዚህ ያለፈ ይቅርታ አያውቅም።

አንኮበር ወረድሁ። ደህና አውራ ያለበትን ቤት ብቻ እየመረጥሁ፣ ሳምንት ያላለፈውን ብቻ እየወሰድሁ፣ ስልሳ የሐበሻ እንቁላል ሰበሰብሁ። በጭድ አድርጌ፣ ጋቢ ጠቅልዬበት፣ ጭኔ ላይ ታቅፌው በአውቶቡስ መጣሁ። ሹፌሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሰድቤዋለሁ፤ ዛሬ በሕይወት ካለ ይቅር ይበለኝ፤ ካልተሻሻለ ግን አይበለኝ።

ጥቅምት 26 ቀን ፍሪጁ ውስጥ ገባ። በሰባተኛው ቀን በብርሃን አየናቸው፤ ስምንቱ ባዶ ነበሩና ተጣሉ። አምሳ ሁለት ቀሩ። በሃያኛው ቀን፣ ኅዳር 16፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የእነ ጌታሰው ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የኅዳርን ውርጭ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጌታሰው ፍሪጁን በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆሙ። ሰው ፍሪጅ አቅፎ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅን፤ አልመጣም። ማኅበርተኛው ጋቢና ካፖርቱን ደርቦ መግባት ሲጀምር እኔ በሩ ላይ ቆምሁ። “እንቁላል ያልታቀፈ ጠላ አይቀምስም” አልሁ። ቀልድ መሰላቸው። ለእያንዳንዱ አራት አራት ጉያው ከተትሁለት። የእድሩ ሊቀ መንበር “እትዬ ሸዋወርቅ፣ እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ” አሉኝ። “ሽማግሌም ብብት አለው፤ ይታቀፉ” አልኋቸው። አሥራ ሁለቱም ታቀፉ። አራት እንቁላል ተረፈ። የማኅበሩን ቄስ አባ ኪዳነ ማርያምን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ።

“ሸዋወርቅ፣ ይህስ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?” አሉ።

“አባቴ፣ ባለፈው እሑድ ስለ ዶሮና ስለ ጫጩቶቿ የሰበኩን እርስዎ ነዎት።”

እጃቸውን ዘረጉ።

ጸሎቱ ተጀመረ። የሚሰግድ የለም፤ የሚያስል የለም፤ ሁሉም እንደ ሐውልት ቆሟል። በመካከሉ “ጭው” የሚል ድምፅ ተሰማ። አባ ጸሎቱን አቋርጠው “ማነው?” ብለው ተቆጡ። ሁሉም አቀርቅሮ የየራሱን ጉያ አዳመጠ። ደግሞ “ጭው፣ ጭው” አለ። ከአባ ካባ ውስጥ ነው። አባም ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው አይተው፣ “ይኼም ፍጥረት ነው፤ እንቀጥል” አሉ። መብራቱ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። በማግሥቱ ከአምሳ ሁለቱ አርባ አንዱ ተፈለፈሉ። የአባ አራቱም ወጥተዋል፤ እስከ ዛሬም በማኅበሩ ከአራት አራት ያገኘሁ እኔ ብቻ ነኝ እያሉ ይኩራራሉ።

ከዚያ በኋላ የሳቀብን የለም። በ2011 ዓ.ም. ፍሪጁ ቦታውን ለትልቁ ማሽን ለቀቀ። ከአንኮበር፣ ከጣርማ በር፣ ከሰላ ድንጋይ ሴቶች ጫጩት ሊገዙ መጡ። ጌታሰው ግን ዝም ብለው አይሸጡም። መጀመሪያ ያስተምራሉ፤ ቀጥለው ይጠይቃሉ። “የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ስንት ነው? ውሃው በቀን ስንት ጊዜ ይቀየራል?” ያልመለሰች ባዶ ካርቶኗን ይዛ ትመለሳለች። የጣርማ በሯ ወይዘሮ አልታየች ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው፣ “ጋሼ፣ እኔ ጫጩት ልገዛ መጣሁ እንጂ ማትሪክ ልፈተን አልመጣሁም!” ብላ ጮኸችባቸው። ሦስተኛውን አለፈች። ዛሬ በዚያ ብርድ ላይ ሰማንያ ዶሮ አላት፤ እዚህም ከፊት ቆማ ስታለቅስ አያታለሁ።

የእኔ ሥራ ምን ነበር? እንቁላሉን ከየቤቱ መምረጥ። በቀን ሦስት ጊዜ መገልበጥ። ደግሞም አንዱን አንሥቼ የዓይኔን ቆብ አስነካዋለሁ፤ ሙቀቱ ትክክል ከሆነ ዓይን አይሰማውም። እናታችን እንዲህ ነበር የምታደርገው። ጌታሰው ባዩኝ ቁጥር ይስቁ ነበር። አንድ ጊዜ መለኪያው ልክ ነው እያለ እኔ “በዝቷል” አልሁ። ተከራከርን። ሌላ መለኪያ ከጎረቤት ተዋስን፤ የእሳቸው ተበላሽቶ ኖሯል። ያን ዕለት “ደህና ገምተሻል” አሉኝ። ገምተሻል!

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸውን ያማቸው ነበር። ይትባረክ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ጥሩ ሐኪም አሳይቷቸዋል፤ ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይህን ሳልል ባልፍ ኃጢአት ነው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነርሷ ትኩሳታቸውን ለክታ “ሠላሳ ስምንት ከአምስት” ስትል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ “ለእንቁላልም በዝቷል፤ ቀንሺው” አሏት። የመጨረሻውን እንቁላል ጥር 30 ቀን በገዛ እጃቸው አስገብተው፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ያ ቀን አሥራ ስምንተኛው ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንቁላል አይገለበጥም፤ ዝም ብሎ ይጠበቃል።

ዝም ተብሎ ግን አልተጠበቀም። የድንኳኑ ምድጃ ከማሽኑ መስመር ላይ ተሰክቶ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጠፋው፤ ሁለቱንም ጊዜ ምድጃውን የነቀልሁ እኔ ነኝ። አንዱ የእድር ሰው ደግሞ፣ “ማሽኑ ከተነቀለ እንቁላሉ ለለቀስተኛ ይቀቀል” አለ። በዐቢይ ጾም! ያውም ነፍስ የገባበትን! ስሙን ያልጠራሁት ለሚስቱ ብዬ ነው።

ይትባረክ “የሚያውቅ የለም” ካለ በኋላ ሳሌም የአባቷን የማሽን ደብተር አወጣች። ገጹ ሁሉ በመሥመር ተከፍሏል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ እርጥበት። ከዳር አንድ ሌላ መሥመር አለ። ከላዩ “እትዬ” ተብሎ ተጽፎበታል። ሥሩም በየቀኑ “ልክ ነው አለች”፣ “ትንሽ በዝቷል አለች”፣ “ቀዝቅዟል አለች፤ አስተካከልሁ” ይላል። ስምንት ዓመት ሙሉ። ሆስፒታል ከተኛበት በቀር አንድ ቀን እንኳ አልዘለለም። አንድ ቀን እንኳ በአፉ አልነገረኝም። ሳሌም እያነበበች ስታለቅስ እኔ ተቆጣኋት፤ ደግማ እንድታነበው ስለፈለግሁ ነው።

አቶ ጌታሰው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይርጋለምን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ሸዋወርቅን፣ አዎ ሸዋወርቅን፣ ትተው ሄደዋል። ኪዳነ ምሕረት በቃል ኪዳኗ ትቀበላቸው። ፈጣሪ ውርጭ በማይደርስበት፣ ብርሃን በማይጠፋበት ቦታ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። እዚያም ካስተማሩ የሚሰማቸው ይስጣቸው። ብርዱን ችላችሁ የመጣችሁትንም እግዚአብሔር ያክብርልን።

ይትባረክ፣ አሁን አንተን ነው። በሕዝብ ፊት የምናገርህ ለብቻህ ብነግርህ “እሺ አክስቴ” ብለህ አንተው ያሰብኸውን ስለምታደርግ ነው። ገዥውን ዛሬውኑ ደውለህ አስቀረው። ከዚህ ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ አትቀመጥ፤ ለቀስተኛውን እነ ምስጋና ያስተናግዳሉ። ያን ኮትህን አውልቅ፣ እጅህን በሳሙና ታጠብና ከእኔ ጋር ማሽኑ ክፍል ግባ። ወንበር አስቀምጬልሃለሁ። የመጨረሻዋ ጫጩት ወጥታ እስክትደርቅ ድረስ ከዚያ አትነሣም።