ቢሮ የገባው ደወል

መጋቢት 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወረዳው የባህልና ቅርስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ እንዳላማው

አመልካች፦ ቄሰ ገበዝ ወልደ ሩፋኤል፣ የጎደር ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን

ጉዳዩ፦ በቅርስነት የተወሰደብን ደወል ከትንሣኤ በፊት እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እጀምራለሁ። ባለፈው ጥር የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አቶ አንሙት፣ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ይዘው ወደ ደብራችን መጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ የጣሊያን ምሽግ የነበረበትን ማሳ ሲያስሱ ሰንብተው የዛገ የብረት ቆብ፣ አንድ ሳንጃና ብዙ የጥይት ቀለህ አገኙ። «የጦር ጫፍ» ብለው የያዙት ብረት እንኳ የጎረቤቴ የአቶ ኃይለ ሚካኤል የጠፋ ማረሻ ነው፤ ባለቤቱ ግን ማረሻዬ ሙዚየም ሊገባ ነው ብለው ደስ ስላላቸው በዚህ አልከራከርም።

2. ባለሙያው ሊሰናበቱን ወደ ቅጽሩ ሲወጡ መሣሪያው ከወይራው ሥር ጮኸ። አስቆፈሩ። ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ደረሰ፣ ምንም የለም፤ መሣሪያው ግን መጮኹን አልተወም። እኛም ዝም ብለን አየን፤ እንግዳ ሲሠራ ማቋረጥ ነውር ነው። ኋላ ላባቸውን ሊጠርጉ ቀና ቢሉ ደወላችን በወይራው ቅጠል መካከል ራሳቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

3. ደወሉ የመድፍ ቀለህ መሆኑን አንክድም። ጣሊያን ሲወጣ ምሽጉ ውስጥ ጥሎት ሄደ፤ የደብሩ ልጃገረዶች እየተፈራረቁ አዝለው ዳገቱን አወጡት፤ አባቶች ጸሎት አድርሰውበት ሰቀሉት። ከጣሊያን ጋር ቢኖር አምስት ዓመት ነው፤ ከእኛ ጋር ግን ከስድሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። አቶ አንሙት «የጦር ቅርስ ነው፤ መመታት ይጎዳዋል፤ ሙዚየም ይቀመጣል» ብለው ወሰዱት። ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ብመጣ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አላገኘሁዎትም። ደወላችንን ግን በሩ ጥግ ቆሞ አገኘሁት። ሁለት ጃንጥላና አንድ መጥረጊያ ይዟል።

4. በምትኩ ከደጀን የጭነት መኪና ቸርኬ አስመጥተን ሰቀልን። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም ደወል ቸርኬ ነውና ድምፃቸው አንድ ሆነ። ለኪዳን ስንደውል ተማሪው ደብተሩን ይዞ ይሮጣል። ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ሲደውል ደግሞ፣ በዚህ በሑዳዴ፣ ቅዳሴ ወጣ ብለው ከረፋዱ በአራት ሰዓት ጾም የገደፉ ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛው በማግሥቱም ገድፈዋል፤ ያን ዕለት እንኳ ተሳስተው አይመስለኝም። ስማቸውን መጻፍ ነውር ነው፤ ክቡርነትዎን ያሳደጉ አጎትዎ ስለሆኑ ራስዎ ቢጠይቋቸው ይሻላል።

5. ይህ ሁሉ ይታለፍ ነበር። ያን ጊዜ ደወሉን ካዘሉት ልጃገረዶች ዛሬ በሕይወት ያሉት እናቴ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌሊቱን ከቀኑ የሚለዩት በዚያ ደወል ነበር። አሁን ታመዋል። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ተናዝዘው፣ ሁለት ጊዜ ቆርበው፣ ዘመድ አልቅሶ ሊሸኛቸው ሲሰበሰብ «ደወሉ መጣ?» ይላሉ። አልመጣም ስንላቸው «እንግዲያስ ሂዱ፤ እኔ የመኪና ጎማ ተደውሎልኝ አልቀበርም» ብለው ተነሥተው ሽሮ ይጠይቃሉ። ክቡር ሆይ፣ እናቴ እንዲሞቱብኝ አልቸኩልም፤ ሺህ ዓመት ይኑሩልኝ። ነገር ግን የኪዳን ሰዓት በደረሰ ቁጥር ጆሯቸውን ወደ ወይራው አዘንብለው ይጠብቃሉ።

6. ስለዚህ ደወሉ እንዲመለስልን እለምናለሁ። በቅርስነት ይመዝገብ፣ ቁጥርም ይለጠፍበት። አቶ አንሙት በየዓመቱ መጥተው ይዩት፤ በመቆፈር እንዳይደክሙ ወደ ላይ እንጠቁማቸዋለን። ለጃንጥላዎቹ ምእመናኑ ጥሩ የቀርከሃ ቅርጫት ሠርተዋል። ብቻ ትንሣኤን በቸርኬ እንድናበስር አያድርጉን።

7. መልስ ለመጻፍ ጊዜ ካጡ ደብዳቤ አያስፈልግም። በጽሕፈት ቤቱና በደብራችን መካከል ያለው አንድ ሸለቆ ነው። ጃንጥላዎቹን አውጥተው፣ ደወሉን ከፍ አድርገው አንጠልጥለው፣ አንድ ጊዜ ይምቱት። እማሆይ ከሁላችንም ቀድመው ይሰማሉ፤ እኛም አዝለናቸው እንመጣለን።

ከጾም ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ቄሰ ገበዝ ወልደ ሩፋኤል